ከ1881 ቆጠራ በኋላ የጠፉ ሴት፦ ተራ ሰውን በመዛግብት ውስጥ መፈለግ

ባለጉዳይ

ሰላም ለሁላችሁ። የባለቤቴ አያት አያት የሆኑትን፣ እንግሊዝ አገር ተወልደው የኖሩትን አንዲት ሴት ታሪክ ከመዛግብት ለማውጣት ከተነሣሁ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ባለጸጋ አልነበሩም፤ መሬት አልነበራቸውም፤ ደብዳቤም ሆነ ፎቶግራፍ አልተዉም። ለአጭርነት «አያታችን» እላቸዋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በእጄ ያለው ይህ ነው። በ1871ዱ የሕዝብ ቆጠራ የ19 ዓመት የቤት ሠራተኛ ሆነው በአንድ ነጋዴ ቤት ተቆጥረዋል። በ1875 አንድ ሸማኔ አግብተዋል፤ በጋብቻ ሰርተፊኬቱ ላይ ዕድሜያቸው «ለአካለ መጠን የደረሰች» ተብሎ ብቻ ተጽፏል፤ በፊርማቸው ቦታ የመስቀል ምልክት አለ። በ1881 ከባላቸውና ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ተቆጥረዋል፤ ዕድሜያቸው ግን 29 መሆን ሲገባው 27 ይላል። ሦስተኛው ልጅ፣ የባለቤቴ ቅድመ አያት፣ በ1885 ተወለዱ። በ1891ዱ ቆጠራ ባላቸው ከሦስቱ ልጆችና «የቤት አስተዳዳሪ» ከተባለች ሴት ጋር ይኖራሉ፤ ራሳቸውንም ሚስታቸው የሞተችባቸው ብለው አስመዝግበዋል። እኔ ግን ከ1881 እስከ 1891 ያለውን የሞት ማውጫ (በመንግሥት መዝገብ የገቡ ሟቾችን የስም ዝርዝር) በባላቸው ቤተሰብ ስም ደጋግሜ ባገላብጥም አያታችንን አላገኘኋቸውም።

በቤተሰቡ ውስጥ «አሜሪካ ተሻግረው ሀብታም ሆኑ» የሚል ወሬ ሲወርድ ሲዋረድ መጥቷል። የመርከብ ተሳፋሪዎችን ዝርዝር ሁለት ወር ፈለግሁ፤ የስማቸው ሞክሼ የሆኑ ሴቶች በብዛት አሉ፣ እሳቸው ግን የትኛዋ እንደሆኑ የሚለይ ነገር የለም። ከዚህ በኋላ ወዴት ልሂድ?

አሮጌ ቀለም

በአንድ ቤተ መዛግብት ውስጥ ለብዙ ዓመታት ስለሠራሁ ትንሽ ዘለግ አድርጌ ብጽፍ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

አዲስ ወረቀት ከመፈለግዎ በፊት በእጅዎ ያሉትን ወረቀቶች «ይህን የተናገረው ማን ነው?» ብለው ይጠይቋቸው። ከ1841 እስከ 1901 ባሉት የእንግሊዝ ቆጠራዎች ዛሬ የምናነበው አባወራው የሞላውን ቅጽ አይደለም፤ ቆጣሪው ቅጾቹን ሰብስቦ ወደ ራሱ መዝገብ የገለበጠውን ነው። ስለዚህ የ1881ዱ «27» የአያታችን ቃል መሆኑን አናውቅም። ባላቸው በግምት የተናገሩት፣ ወይም ቆጣሪው ሲገለብጥ የተሳሳተው ሊሆን ይችላል፤ የሁለት ዓመት ልዩነት በዚያ ዘመን እንደ ልዩነት አይቆጠርም። እንዲያውም አንድ ቀን የአያታችንን ወላጆች በ1841ዱ ቆጠራ ከፈለጉ፣ ያን ዓመት ከ15 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ዕድሜ ወደ ታች ወደ አምስት ብዜት እንዲጠጋጋ ታዝዞ ስለነበር፣ የ34 ዓመት ሰው «30» ተብሎ ቢያገኙት እንዳይደናገጡ። «ለአካለ መጠን የደረሰች» ማለትም 21 ዓመት ሞልቷታል ከማለት አያልፍም። የመስቀል ምልክቱም ማንበብ አይችሉም ነበር አያሰኝም፤ በዚያ ዘመን ማንበብ ከመጻፍ ቀድሞ ይሰጥ የነበረ ትምህርት ስለሆነ፣ መጽሐፍ እያነበቡ ስማቸውን መፈረም የማይችሉ ሰዎች ብዙ ነበሩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ባላቸው «ሚስቴ ሞታለች» ማለታቸው የሞት ማስረጃ አይደለም። በእንግሊዝ ፍቺ ወደ ፍርድ ቤት የመጣው በ1857 በወጣው ሕግ ሲሆን፣ ወጪው ለአንድ ሸማኔ የማይታሰብ ነበር። በዚህም ምክንያት ድሆች ሲለያዩ ዝም ብለው ይለያያሉ፤ ቆጣሪ ሲመጣ ደግሞ ወንዱም ሴቷም የትዳር ጓደኛቸው እንደሞተባቸው ይናገራሉ። እኔ ራሴ አንዲት ሴት ባሏ ሁለት ሰፈር አልፎ በሕይወት እያለ «ባሏ የሞተባት» ተብላ የተቆጠረችበትን መዝገብ አይቻለሁ።

ስለዚህ የምሰጥዎ ምክር አያታችንን መፈለግዎን ለጊዜው እንዲያቆሙ ነው። ከጎናቸው የቆሙትን ሰዎች ይፈልጉ። በ1875ቱ ጋብቻ ምስክሮች እነማን ነበሩ? ከማዕከላዊው መዝገብ የታዘዘ ሰርተፊኬት ግልባጭ ስለሆነ በላዩ ያለው የእጅ ጽሕፈት የጸሐፊው ነው፤ ትክክለኛው ፊርማና ትክክለኛው የመስቀል ምልክት ያለው በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ላይ ነው። እሱን ያስፈልጉ።

ሰማንያ

ይህን ሁሉ ከመድከም የዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ አይሻልም? ባለቤትዎ ምራቃቸውን ቢልኩ አሜሪካ ያሉ ዘመዶች፣ ካሉ፣ በራሳቸው ጊዜ ይመጣሉ።

ሐረግ

ሰማንያ፣ ምርመራውን አልቃወምም፤ ነገር ግን ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ትንሽ ነው። አንድ ሰው ከአያቱ ወላጆች ወላጅ ከሆነ ከአንዱ ቀዳሚው የሚወርሰው ዲ.ኤን.ኤ. በአማካይ ከመቶ 6 ገደማ ነው። አያታችን እኅት ነበሯቸው እንበልና፣ ከዚያች እኅት የተወለደ በባለጉዳይ ባለቤት ትውልድ ደረጃ ያለ ሰው ቢገኝ፣ ሁለቱ ዘመዳሞች በምርመራ የሚታይ አንድም የጋራ ቁራጭ ሳይኖራቸው ሊቀር ይችላል። ሲገኝም ዝምድናን ይናገራል እንጂ በ1891 አያታችን በየትኛው ጣራ ሥር ያድሩ እንደነበር አይነግረንም።

አሮጌ ቀለም ስለ «ከጎን የቆሙ ሰዎች» የተናገሩት ግን ለእኔ የሕይወቴ ሥራ ነው ማለት እችላለሁ። እኔ የምረዳቸው ሰዎች ቀዳሚዎቻቸው በአሜሪካ በባርነት የኖሩ ናቸው። በ1850 እና በ1860 ቆጠራዎች በባርነት ያሉ ሰዎች የተመዘገቡት በባለቤቱ ስም ሥር በዕድሜ፣ በጾታና በቀለም ብቻ ነው፤ በስማቸው አልተጻፉም። አብዛኞቹ በቆጠራ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ስማቸው የሚታየው በ1870 ነው። እዚያ ላይ ሲደረስ አንድን ሰው ብቻውን ይዞ ወደ ኋላ መሄድ አይቻልም፤ በ1870 በጎረቤትነት የተቆጠሩትን፣ ነፃ ለወጡ ሰዎች ተከፍቶ በነበረው ባንክ ሒሳብ ሲከፍቱ የእናት የአባታቸውንና የወንድም የእኅታቸውን ስም ያስመዘገቡትን፣ በጋብቻ ላይ የቆሙትን ሁሉ እንደ አንድ ቤተሰብ አድርጎ መከታተል ያስፈልጋል። ተራ ሰው ስለ ራሱ የሚናገርበት መዝገብ ጥቂት ነው፤ በሌሎች ሰዎች መዝገብ ዳር ላይ ግን ደጋግሞ ይታያል።

ባለጉዳይ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የአጥቢያውን መዝገብ ምስል ዛሬ አገኘሁ። ምስክሮቹ ሁለት ናቸው፤ አንደኛው የሙሽራው ወንድም ይመስላሉ። ሁለተኛዋ ግን የአያታችን የአባታቸው ቤተሰብ ስም ያላት ሴት ናት፤ ስሟን በግልጽ፣ እንዲያውም በሚያምር ጽሕፈት ፈርማለች። በእጄ በነበረው ሰርተፊኬትም ይህ ስም ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ እያየሁት አላየሁትም።

አሮጌ ቀለም

እኅታቸው ወይም የአጎታቸው ልጅ ልትሆን ትችላለች፤ አሁን አይወስኑ። የሚቀጥለው ሥራ ያቺ ምስክር ከ1875 በኋላ ማንን እንዳገባች በጋብቻ ማውጫው ማየት ነው፤ ካገባች ስሟ ስለሚለወጥ በቆጠራ የምትገኘው በአዲሱ ስም ነው። ከዚያ በ1891 የእሷን ቤት ይክፈቱ። ሲፈልጉ የተጻፈውን ስም አንድ ፊደል ሳይለቁ አይከተሉ፤ የራሳችንን ፊደል ብናስብ እንኳ በሀ፣ በሐ ወይም በኀ የተጻፈ አንድ ስም ለማሽን ሦስት ስም ነው፤ የእንግሊዝ ቆጣሪ ደግሞ የሰማውን በመሰለው ይጽፍ ነበር።

ባለጉዳይ

ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል፤ ይቅርታ።

ምስክሯ በ1878 አንድ የባቡር ሠራተኛ አግብተዋል፤ በጋብቻው ላይ የተጻፈው የአባት ስምና ሥራ ከአያታችን ጋር አንድ ነው። በ1861ዱ ቆጠራም ሁለቱን ልጃገረዶች በአንድ ቤት አገኘኋቸው፤ ስለዚህ እኅትማማቾች ናቸው። የእኅታቸውን ቤት በ1891 ስከፍት፣ ከባልና ከልጆች በታች በመጨረሻው መስመር ላይ «እኅት፣ ያላገባች፣ ልብስ አጣቢ፣ ዕድሜ 38» የሚል አለ። ስሙ የአያታችን የልጅነት ስም ነው፤ የትውልድ ቦታውም ያው ነው። አሜሪካ አልሄዱም። ባላቸው ካሉበት ቤት በእግር ከአንድ ሰዓት የማይበልጥ መንገድ ርቀው ልብስ ያጥቡ ነበር።

ይህን ለባለቤቴ ሳነብላት ረጅም ጊዜ ዝም አለች። እኔም አንድ ነገር ከነከነኝ፤ ሦስት ልጆቻቸውን ትተው መሄዳቸው ነው።

ሰማንያ

የኔን የዲ.ኤን.ኤ. ሐሳብ አንስቻለሁ። ግን ነገሩ ግልጽ ይመስለኛል፤ ባልየው «የቤት አስተዳዳሪዋን» አምጥተው ሚስታቸውን አስወጥተዋል።

ሐረግ

ግልጽ አይደለም። አስተዳዳሪዋ ከመለያየታቸው በፊት ትምጣ በኋላ አናውቅም። ሦስት ልጆች ይዞ የቀረ ሸማኔ በቤቱ ሴት ቢቀጥር የሚያስገርም ነገር የለውም። እኔ በግሌ «አስተዳዳሪ» የሚለውን ቃል በጥርጣሬ ነው የማየው፤ ብዙ ጊዜ እንደ ሚስት የምትኖር ሴት በዚህ ስም ትመዘገብ እንደነበር አውቃለሁ፤ ይሁን እንጂ «ብዙ ጊዜ» ማለት «በዚህ ቤት» ማለት አይደለም። እናትየው ልጆቻቸውን «ተዉ» የሚለውም ቃል የእኛ ነው። አስወጥተዋቸው ይሁን፣ ልጆቹን የሚያበላ ገቢ አጥተው ይሁን፣ ተማክረው ይሁን፣ እስካሁን ካየነው ወረቀት አንዱም አይናገርም።

አሮጌ ቀለም

ሐረግ እውነት ብለዋል። ባለጉዳይ፣ እኅታቸው በ1911 በሕይወት ከነበሩ የዚያን ዓመት ቅጽ ሳያዩ አንዲት ዓረፍተ ነገር እንዳይጽፉ። የ1911ዱ ቆጠራ ከቀደሙት የሚለየው በየቤቱ የተሞላው ቅጽ ራሱ ስለቆየልን ነው፤ የምናየው ጽሕፈት የቤቱ ሰው እጅ ነው። ከዚህም በላይ ያን ዓመት ባለትዳር ሴቶች በትዳር ስንት ዓመት እንደቆዩ፣ በሕይወት የተወለዱ ስንት ልጆች እንዳሏቸው፣ ስንቱ በሕይወት እንዳሉና ስንቱ እንደሞቱ ተጠይቀዋል። ባል የሞተባቸው ሴቶች እንዲመልሱ አልተጠየቁም ነበር፤ ነገር ግን መመሪያውን ሳያነቡ የመለሱ አሉ። የቆጠራው ጸሐፊዎች ያልተፈለገውን መልስ በብዕር ሰረዙት። የተሰረዘው ጽሑፍ ግን አሁንም ይነበባል፤ እኔ ከመዛግብት ሁሉ የምወደው ይህን ስርዝ ነው።

ባለጉዳይ

አሮጌ ቀለም፣ ይህን ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል።

በ1911 እኅታቸው ባላቸው ሞተው ብቻቸውን የቤቱ ኃላፊ ናቸው። ቅጹን የሞሉት ራሳቸው ናቸው፤ ፊርማውን በ1875 ምስክር ሆነው ከፈረሙት ጋር አጠገብ ለአጠገብ አድርጌ አየሁት፤ ከ36 ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ፊደል አጣጣል እንኳ አልተለወጠም። አያታችን አብረው አሉ፤ በልጅነት ስማቸው፣ «እኅት፣ ባሏ የሞተባት፣ 59»። ከጎኑ በእኅታቸው እጅ «4፣ 3፣ 1» ተብሎ ተጽፎ በላዩ ስርዝ አለ።

አራት ልጆች፣ ሦስቱ በሕይወት ያሉ፣ አንዱ የሞተ። እኛ የምናውቀው ሦስት ነው። ሦስቱ በሕይወት እንዳሉም ያውቁ ነበር ማለት ነው።

አሮጌ ቀለም

በጣም ጥሩ። አራተኛው ልጅ በባላቸው ስም ካልተገኘ በልጅነት ስማቸው ይፈልጉ። የእንግሊዝ የልደትና የሞት መዝገብ መሥሪያ ቤት በኢንተርኔት ያወጣው አዲሱ የልደት ማውጫ ከ1837 ጀምሮ የእናትን የልጅነት ስም ያሳያል፤ የአሮጌው ማውጫ ግን ያን ማሳየት የጀመረው በ1911 ነው። አባቱ ያልተጻፈ ልጅ ሲሆን ልጁ በእናቱ ስም ይገባና የእናት ስም ያለበት ሳጥን ባዶ ይሆናል፤ ስለዚህ ሳጥኑን ባዶ አድርገው ይፈልጉ። በአንድ ዓመት ውስጥ የሞተ ሕፃን ከሆነ በሞት ማውጫው በዚያው ወረዳ፣ በዚያው ስም፣ ዕድሜ «0» ተብሎ ይገኛል።

ባለጉዳይ

ተገኘ። ወንድ ልጅ ነው፤ በ1887 መጋቢት ተወለደ፤ የተመዘገበው በእናቱ የልጅነት ስም ሲሆን በአባት ቦታ ላይ ሰረዝ ብቻ አለ። የትውልድ ቦታው የእኅታቸው ቤት አድራሻ ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር በሳንባ ምች ሞተ። የሞት ሰርተፊኬቱ አስመዝጋቢ እናቱ ናቸው፤ «በሞቱ ጊዜ ከአጠገቡ የነበረች» ይላል፤ ከጎኑ ያ የመስቀል ምልክት አለ።

እንግዲህ በ1887 መጀመሪያ ተለያይተው ነበር። ሦስተኛው ልጅ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም።

አሁን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነገር ነው። የባለቤቴ አክስት በሕይወት አሉ፤ የ88 ዓመት ሰው ናቸው፤ የአሜሪካውን ታሪክ የነገሩንም እሳቸው ናቸው። ይህን ልንገራቸው?

ሰማንያ

እኔ ብሆን አልነግራቸውም። በዚያ ዕድሜ አሜሪካዊቱ ባለጸጋ ቢቀሩላቸው ማንን ይጎዳል?

ሐረግ

እኔ ደግሞ እነግራቸው ነበር፤ የምነግራቸው ግን ወረቀቱ የሚለውን ያህል ብቻ ነው። «በአባት ቦታ ሰረዝ አለ» ማለት አንድ ነገር ነው፤ «ከሌላ ወንድ ወለዱ» ማለት ሌላ ነው። ሰረዙ የሚያሳየው መዝጋቢው ፊት አባት አለመጠራቱን ነው። ልጁ የባላቸው ሆኖ፣ ከእኚያ ሰው ጋር ስማቸው ዳግመኛ በአንድ ወረቀት ላይ እንዲገናኝ አያታችን አልፈለጉ ይሆናል። የቀኑም ስሌት ሁለቱንም ይፈቅዳል፤ በ1886 ሰኔ ገደማ ገና አብረው ይኖሩ እንደነበርና እንዳልነበር የሚነግረን አላገኘንም። ምናልባትም አክስትዎ ከእኛ የበለጠ ያውቁ ይሆናል። አሮጊቶች ለልጅ ልጅ የሚነግሩትና ለራሳቸው የያዙት አንድ ላይሆን ይችላል።

አሮጌ ቀለም

ልጨምር የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ባለጉዳይ የጀመሩት የሞት ማውጫ ፍለጋ በ1891 ቆሟል። ሰርተፊኬቱ እስካልተገኘ ድረስ ሥራው ግማሽ ነው። በሁለቱም ስም እስከ 1940 ድረስ ይሂዱ። ሰው በሕይወቱ በአንድ ስም ኖሮ በሞቱ ጊዜ አስመዝጋቢው በሌላ ስም ሊያስገባው ይችላልና።

ባለጉዳይ

ይህ የመጨረሻ መልእክቴ ሳይሆን አይቀርም፤ ስለዚህ ያገኘሁትን በሙሉ ላስቀምጥ።

አያታችን የሞቱት በ1926 ነው፤ ዕድሜ 74። ማውጫው ላይ ያሉት በልጅነት ስማቸው አይደለም፤ በባላቸው ስም ነው። ከ1881 እስከ 1891 ደጋግሜ የፈለግሁት ያው ስም ነበር፤ ገጹን ወደ ፊት 35 ዓመት ብገልጥ ኖሮ በመጀመሪያው ሳምንት አገኘው ነበር። በሥራ ቦታ ላይ «የሸማኔው የእገሌ ባለቤት የነበረች» ተብሎ የባላቸው ሙሉ ስም ተጽፏል። አስመዝጋቢዋ የእኅታቸው ልጅ ናቸው። በ1891 በአምስት ዓመታቸው ከአያታችን ጋር በአንድ ቤት የተቆጠሩት ያችው ሕፃን፣ 40 ዓመት ሆኗቸው የአክስታቸውን ሞት ሊያስመዘግቡ ሄደው፣ በዚያ ቤት ለ35 ዓመት በማንኛውም ወረቀት ላይ ያልተጻፈውን ስም ለመዝጋቢው ተናገሩ። የመቃብር መዝገቡ እንደሚለው የተቀበሩት ብዙ ሰው በጋራ በሚያርፍበት ምልክት በሌለው መቃብር ነው፤ የረድፉ ቁጥር ግን አለ።

ለአክስታችንም ነገርናቸው። ሐረግ እንዳሉት ወረቀቶቹን አንድ በአንድ በቅደም ተከተላቸው አነበብንላቸው፤ የራሳችንን ግምት አልጨመርንም። እስከ መጨረሻው ሰምተው ሲያበቁ ስለ አሜሪካ ምንም አላነሡም። የጠየቁን ሕፃኑ ልጅ ስሙ ማን ይባል እንደነበር ነው። ነገርናቸው። ሦስተኛው ልጅ፣ ማለትም የእሳቸው የገዛ አያታቸው፣ የበኩር ልጃቸውን የሰየሙት በዚሁ ስም ነበር።